ባለ ዶቅዶቄው ጋሼ አረፉ፤ የምታውቋቸው ትዝታችሁን ጻፉ

የአውቶፓርኮ ልጅ (ርዕሱን የከፈተው)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች።

ያልሰማችሁ ካላችሁ፣ ጋሼ አርፈዋል። ቀብሩም ሰልስቱም አልፏል። ቤተሰቡ ስማቸው ኢንተርኔት ላይ እንዲዞር ስላልፈለገ እዚህ አልጽፈውም። ጎንደር ላደገ ሰው «ባለ ዶቅዶቄው ጋሼ» ማለት ይበቃዋል። ሌላ ባለ ዶቅዶቄ ከተማው አያውቅም።

ለማታውቋቸው ትንሽ ልበል። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን የሚቀረጽበት) የሠሩ ሰው ናቸው። ሀብታም አልነበሩም። ደመወዛቸውንና የትርፍ ሰዓት ገንዘባቸውን እያጠራቀሙ ሰው የጣለውን ሞተር ሳይክል ይገዙ ነበር። ግቢያቸው ስትገቡ በስተግራ ያለው የቆርቆሮ ቤት ሙሉ ዶቅዶቄ ነው። ቬስፓ አለ፤ ላምብሬታ አለ፤ የእንግሊዝ ጦር ይነዳው የነበረው ቢኤስኤ ኤም 20 አለ፤ ከምሥራቅ ጀርመን የመጣ ኤምዜድ አለ። ከሁሉ በላይ የሚወዱት ግን ሞቶ ጉዚውን ነበር። ጂቲ 17 ይባላል። ፋብሪካው ከ1932 እስከ 1939 እ.ኤ.አ. ለጣሊያን ጦር የሠራው ባለ 500 ሲሲ ነው።

ጉዚውን ያገኙት ደምቢያ ውስጥ፣ የገለባ ክምር ሥር ነው። ሻሲውና ሞተሩ ብቻ ነበር የቀረው። የቤንዚን ሰልባቲዮውን አንድ ቤት ውሃ ይቀዱበት ነበር። ቮላኖውን (የሞተሩን ዙር የሚያመዛዝነውን ከባድ ብረት) ደግሞ ሌላ መንደር፣ በር ማስደገፊያ ሆኖ አገኙት። የጉዚ ቮላኖ እንደሌላው ሞተር ውስጥ የተደበቀ አይደለም። በስተግራ በኩል ውጭ ላይ የሚሽከረከር ትልቅ ክብ ብረት ነው። ቺሊንደሩም ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ወደ ፊት ይጋደማል። ጋሼ በሩን ከፍተው ቡና ሊጠጡ ሲገቡ እግራቸው ሥር ያለውን ብረት አይተው ቡናውን ረሱት ይባላል። ባለቤቱ በነጻ ውሰዱት ቢላቸው እንቢ አሉ። ገንዘብ ከፈሉና በሌላ ቀን አዲስ የበር መቀርቀሪያ አሠርተው ወሰዱለት።

የጎደለውን ሁሉ በቶርኖ ራሳቸው ሠሩት። ብሎኑን፣ ዳዶውን፣ የፍሪሲዮኑን ዘንግ፣ ሁሉን። ጓርኒሲዮኑን (የሞተር ማሸጊያውን) ከወፍራም ካርቶን ይቆርጡት ነበር።

ሁለት ነገር እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ የምታስታውሱትን ጻፉ፤ ልጆቻቸው ያነቡታል። ሁለተኛ፣ ሞተሮቹ ምን ይሁኑ የሚለውን እንነጋገርበት። እኔ አቋሜን ከአሁኑ ልናገር። አንድ ላይ መቆየት አለባቸው፤ መነሣትም አለባቸው። ቆሞ አቧራ የሚጠጣ ሞተር ጋሼ የሰበሰቡት ሞተር አይደለም።

---

ማራኪ

ነፍስ ይማር። ቤተሰቡን እግዜር ያጥናቸው። ልጅ ሆነን ያ ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ «ጋሼ መጡ!» ብለን መንገድ ዳር እንሰለፍ ነበር።

---

ካንዴላ

ኧረ ምን ዓይነት ዜና ነው። እኔ አዘዞ ጋራዥ አለኝ። የሙያዬን ግማሹን የተማርኩት ከእሳቸው ነው። ያስተማሩኝ ደግሞ በመጠየቅ ነው፤ መልሱን ቶሎ አይነግሩህም።

አንድ ጊዜ አንድ የቆየ ያማሃ ይዤ ሄድኩ። ጭሱ ጥቁር፣ ጉልበቱ የሞተ። እኔ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል ብዬ ቺሊንደሩን ልፈታ ተነሥቻለሁ። ጋሼ «ካንዴላውን አውጣ» አሉኝ፤ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን እሳት የሚፈነጥቀውን ማለታቸው ነው። አወጣሁ። ጥቀርሻ ለብሷል። «ይኸ ሞተር የት አገር ነው የተሠራው?» አሉ። ጃፓን አልኳቸው። «ጃፓን ባሕር ዳር ነው። አንተ ያለኸው የት ነው?»

ከዚያ ወረቀት አውጥተው አስረዱኝ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። እዚህ አየሩ ይሳሳል። ካርብራተሩ ግን የሚያሳልፈው ቤንዚን ያው ነው። ስለዚህ ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛበታል፤ ሳይቃጠል ይወጣል፤ ካንዴላው ይጠቁራል። መፍትሔው ነዳጅ የሚያልፍበትን የካርብራተር ቀዳዳ ከፋብሪካው አነስ ባለ መቀየር ነው። ያው ሞተር መተማ ቢወርድ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። መተማ ቆላ ነው፤ አየሩ ወፈር ይላል። በትንሿ ቀዳዳ ከነዳኸው ቤንዚኑ ያንሰዋል፤ ሞተሩ ከልክ በላይ ይሞቃል፤ ፒስተኑ ሊነክስ (ቺሊንደሩ ውስጥ ሊጣበቅ) ይችላል። ጋሼ ወደ ቆላ ሲወርዱ የሚቀይሩትን ቀዳዳ በጨርቅ ጠቅልለው በኪሳቸው ይይዙ ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ።

ያን ቀን ቺሊንደሩን ፈትቼ ቢሆን ኖሮ ደንበኛዬ ያለ ምክንያት ስንት ብር ባወጣ! ዛሬም ጥቁር ጭስ ያለው ሞተር ሲመጣልኝ መጀመሪያ ካንዴላ ነው የማወጣው። ስሜንም ከዚያ ነው ያወጣሁት።

---

የቀሃዋ

እኔ ጎረቤታቸው ነኝ። እንዴት እንደምጀምር አላውቅም፤ እያለቀስኩ ነው የምጽፈው።

በእኛ ሰፈር ሴት ልጅ ሞተር ስትነዳ ታይቶ አይታወቅም ነበር። እናቴ አይሆንም ብላለች፤ አባቴም ፊቱን አጥቁሯል። ጋሼ መጡና አባቴን «እኔ ኃላፊ ነኝ፤ መጀመሪያ ግን መጠገን ትማራለች፤ ከዚያ ትነዳለች» አሉት። በዚህ ተስማሙ።

ስለዚህ መንዳት ከመማሬ በፊት የቬስፓ ዘይት መቀላቀል ተማርኩ። የድሮው ቬስፓ ሁለት ምት ነው። ለብቻው የሞተር ዘይት የለውም፤ ዘይቱን ቤንዚኑ ውስጥ ትጨምሪለታለሽ። የእሳቸው ቬስፓ የሚጠጣው ለ20 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ነው። እኛ ግን የምንሞላው ሁለት ሦስት ሊትር ስለሆነ በመርፌ ሲሪንጅ ያስለኩኝ ነበር። ለአንድ ሊትር 50 ሚሊ። ትንሽ ካጎደልሽ ሞተሩ ይደርቃል፤ ካበዛሽ ጭስ በጭስ ይሆናል። «አይንሽ አይለካም፤ ሲሪንጁ ይለካ» ይሉኝ ነበር። ከዚያ ጀሪካኑን በደንብ አስወዝውዤ ነው የምሞላው።

ለኤምዜዱ ሂሳቡ ሌላ ነው፤ ለ50 ሊትር አንድ ሊትር። ሁለቱን እንዳላሳስት ለቬስፓው ነጭ ጀሪካን፣ ለኤምዜዱ ቢጫ አስለዩኝ።

ዛሬ የምሠራው ከሞተር ጋር በማይገናኝ መሥሪያ ቤት ነው። ግን ቤቴ ውስጥ የሚበላሸውን ሁሉ ራሴ ነው የምፈታው። ካቻቢቴ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። እስካሁን አለኝ።

---

የአውቶፓርኮ ልጅ

@የቀሃዋ እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ። ሠፈሩ ውስጥ አንቺ ቬስፓውን ይዘሽ ስትወጪ እትዬ (የጋሼ ባለቤት) በር ላይ ቆመው እልል ሲሉ ትዝ ይለኛል።

@ካንዴላ ያን ማስተማሪያ ወረቀት አስቀምጠኸዋል? ካለህ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ። ለልጃቸው እሰጣታለሁ።

---

ሰባራ ማርሽ

አንድ ጊዜ ከደባርቅ ስንመለስ አብሬያቸው ነበርኩ። እሳቸው በጉዚው፣ እኔ በመኪና ከኋላ። ሊማሊሞን ወርደው ወጥተው ነው የመጡት። ጣሊያን የቆረጠው ያ መንገድ እንዴት እንደሚጠማዘዝ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የጂቲ 17 ማርሽ እንደ ዛሬው በእግር አይገባም፤ በእጅ ነው። ሦስት ማርሽ ብቻ ነው ያለው። ኩርባው ላይ አንድ እጃቸውን ከመሪው ለቅቀው ማርሽ ያስገባሉ፤ እኔ ከኋላ ሆኜ እጸልያለሁ። እሳቸው ግን ቀና ብለው፣ ኮፍያቸው ሳትነቃነቅ። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ሻይ አዘዙና ለሞተሩም ውሃ አምጡለት ብለው አስተናጋጁን አሳቁት። የጉዚ ሞተር በአየር ነው የሚቀዘቅዘው፤ ውሃ አይፈልግም።

---

ቁስቋም ሥር

ነፍሳቸውን ይማር። ሞተርም ሰውም የሚወዱ ሰው እንደነበሩ ከጽሑፋችሁ ገብቶኛል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ እንዳትቀየሙኝ።

አያቴ አርበኛ ነበር። የጣሊያኑ አዛዥ ስታራቼ ጎንደር የገባው በመጋቢት 1928 ዓ.ም. በመኪና በተጫነ ጦር ነው። በዚያ ጦርነት ጣሊያን ወገኖቻችንን በመርዝ ጋዝ ፈጅቷል። ታዲያ የዚያን ጦር ሞተር ሳይክል አጥቦ፣ ቀብቶ፣ ዘይት አጠጥቶ ማክበር ምን ማለት ነው? ቬስፓው ይገባኛል። ቬስፓ ከጦርነቱ በኋላ በ1946 እ.ኤ.አ. የወጣ የሰላም ጊዜ ዕቃ ነው። ጉዚው ግን ለእኔ ከባድ ነው።

---

የአውቶፓርኮ ልጅ

@ቁስቋም ሥር ጥያቄህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ማንም አይቀየምህም። ይህንኑ ጋሼን ብዙ ሰው ጠይቋቸዋል፤ መልሳቸውም ግድግዳቸው ላይ አለ።

ጉዚው የቆመበት ግድግዳ ላይ በትልቁ በቀለም የተጻፈ ቀን አለ። «ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም.» የጣሊያኑ ጄኔራል ናዚ ጎንደር ላይ እጁን የሰጠበት ቀን ነው። በምሥራቅ አፍሪካ የጣሊያን ጦር የመጨረሻ ምሽግ የወደቀው እዚህ፣ በእኛ ከተማ ነው። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ከከተማው ውጭ ባለው የጣሊያን ምሽግ፣ ቁልቋል በር ላይ፣ ምን ዓይነት ውጊያ እንደነበር ከአያትህ ሰምተህ ይሆናል። አርበኞቻችን ከእንግሊዝ ጦር ጎን ሆነው ተዋግተዋል።

ጋሼ በየዓመቱ ኅዳር 18 ጉዚውን ያስነሡት ነበር። የአርበኛ ልጆችና የልጅ ልጆች ይጠራሉ። ጠላ ይቀዳል፤ ዳቦ ይቆረሳል። ከዚያ አንድ የአርበኛ ልጅ ይቀመጥበትና ግቢውን ይዞራል። «ይኸ ብረት የተማረከ ነው፤ ምርኮ ደግሞ ይታያል እንጂ አይደበቅም» ይሉ ነበር። እኔ በልጅነቴ ብዙም አልገባኝም። ዛሬ ግን ትክክል ነበሩ ብዬ አምናለሁ። ሞተሩ ቢጠፋ ታሪኩን የምናሳየው በምን ነው?

አያትህ በሕይወት ካሉ፣ ወይም አባትህ፣ ዘንድሮ ኅዳር ላይ ቢመጡ ደስ ይለናል። ከልቤ ነው።

---

ቁስቋም ሥር

@የአውቶፓርኮ ልጅ ይህን አላውቅም ነበር። አያቴ አርፏል። አባቴን ይዤው እመጣለሁ።

---

ስደተኛው

ከውጭ ነው የምጽፈው። ጋሼን በልጅነቴ አውቃቸዋለሁ፤ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን።

አሁን በቀጥታ ልናገር። እትዬ አርጅተዋል። ጡረታ እንኳን ለመድኃኒት አይበቃም። እዚህ አገር የቆየ ጉዚና ቢኤስኤ የሚፈልግ ሰው ሞልቷል፤ ጥሩ ገንዘብ ይከፍላሉ። ሁለቱን ሸጦ ቤተሰቡ ቢደገፍ ምን ክፋት አለው? ቬስፓዎቹና ኤምዜዱ ይቅሩ። ሙዚየም እናደርጋለን ብለን አሥር ዓመት ስንነጋገር ብረቱ ዝጎ እንዳያልቅ እፈራለሁ።

---

ሰባራ ማርሽ

@ስደተኛው ስለ እትዬ ያልከው ልክ ነው፤ ያንን የሚክድ የለም። ግን ዕቃ ወደ ውጭ መላክ እንደዋዛ አይደለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣትን ይከለክላል። አንድ ሰው «ቢኤስኤ ቅርስ ነው ወይስ አሮጌ ብረት?» ብሎ ባሕልና ቱሪዝም ሄዶ ሳይጠይቅ ኮንቴይነር ውስጥ ቢያስገባው ቤተሰቡን ነው ጣጣ ውስጥ የሚያስገባው።

ደግሞም እስቲ አስቡት። ግንቡን ሊያይ የሚመጣው ቱሪስት ጥዋት ፋሲል ግንብ ገብቶ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን አይቶ፣ የፋሲለደስን መዋኛ አይቶ ከሰዓት ሥራ ይፈታል። ፒያሳ ላይ ጣሊያን የሠራቸው ሕንፃዎች፣ ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማ ቤቱ ቆመዋል። በዚያ ዘመን መንገዱ ላይ ምን ይሄድ እንደነበር ግን የሚያሳየው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የጋሼ ቆርቆሮ ቤት። መግቢያ ብር ይከፈልና ገንዘቡ ለእትዬ ይሁን። እኔ አስጎብኚዎች አውቃለሁ፤ አነጋግራለሁ።

---

ስደተኛው

@ሰባራ ማርሽ በዚህ ከተጀመረ እኔም አለሁ። የመጀመሪያውን ዓመት የቤት ወጪ የምንችል እዚህ ያለን ልጆች እንከፋፈለዋለን። ሰው አሰባስባለሁ። ግን ደብተር ይያዝ፤ ወጪና ገቢው ይታወቅ።

---

ካንዴላ

ወሬው ወደ ሙዚየም ከመሄዱ በፊት አንድ አስቸኳይ ነገር ልናገር። ክረምት እየመጣ ነው። ሞተሮቹ ጋሼ ከታመሙ ጀምሮ አልተነሡም። እንዲሁ ከቆዩ በመስከረም የምናገኘው ዝገት ነው። ማንም ቤቱ ቅርብ የሆነ ሰው ይህን ያድርግ።

ቤንዚኑን አፍስሱ። ከሰልባቲዮውም ከካርብራተሩም። ካርብራተር ውስጥ የቆመ ቤንዚን ሲደርቅ ሙጫ ሆኖ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ባዶው ሰልባቲዮ ውስጥ ትንሽ ዘይት ጨምራችሁ ከወዲያ ወዲህ አገላብጡት፤ ግድግዳው ዘይት ይልበስ። አለዚያ የክረምቱ እርጥበት ከውስጥ ይበላዋል።

ካንዴላውን ፈትታችሁ በቀዳዳው አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጠብ አድርጉበት። ከዚያ ሞተሩን በመርገጫው ቀስ ብላችሁ አዙሩት፤ ዘይቱ ቺሊንደሩን ይቀባዋል። ካንዴላውን መልሳችሁ እሰሩት። ሳትመልሱት እንዳትሄዱ፤ ጉንዳንና አቧራ ይገባል።

ጎማው መሬት እንዳይነካ ሻሲውን በእንጨት ከፍ አድርጉት። ባትሪ ያለው ባትሪው ይነሣ። በላስቲክ ግን እንዳትጠቀልሏቸው፤ ላስቲክ እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል። ነጠላም ይሁን አሮጌ አንሶላ፣ ጨርቅ ይሻላል።

የሚያውቅ ሰው ከሌለ ደውሉልኝ፤ ከአዘዞ ሩቅ አይደለም።

---

የልጃቸው ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልን። ጽሑፎቹን ለእማማ (እናንተ እትዬ ለምትሏቸው) ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። የበር መቀርቀሪያውን ታሪክ ሲሰሙ ሳቁ። ካረፉ ወዲህ ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነው።

ቤተሰቡ ተነጋግሯል። ምንም አይሸጥም። እማማ «እሱ በሕይወቱ ያልሸጠውን እኔ አልሸጥም» ብለዋል። አርባቸው ካለፈ በኋላ ስለ ጉብኝቱ ከ@ሰባራ ማርሽ ጋር እንነጋገራለን። የ@ስደተኛውንም ሐሳብ በምስጋና ተቀብለናል።

አባባ ትተውት የሄዱት ደብተር አለ። እንዲያውም ብዙ ደብተር ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ከማን ቤት፣ ከየትኛው መንደር፣ በስንት ብር እንደተገዛ ተጽፏል። ያልከፈሉበት እንኳን «በነጻ፤ ስኳርና ቡና ተሰጥቷል» ይላል። ብሎኖቹ ደግሞ በዱቄት ወተት ጣሳ ተለያይተው፣ በእያንዳንዱ ላይ ወረቀት ተለጥፎበታል። «የቢኤስኤ፣ የኋላ ቸርኬ» እያለ። እኔ ፎቶ እያነሣሁ ነው። ወረቀቱ አሮጌ ስለሆነ የምፈራው ለእሱ ነው።

ሞተሮቹን በተመለከተ @ካንዴላ እንዳሉት ከነገ ጀምሮ እንጀምራለን። አንድ ያልገባኝ ግን አለ። የቢኤስኤው ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ብርድ ሲሆን ይነሣል። ሩብ ሰዓት ከሄደ በኋላ ይጠፋል። ሲቀዘቅዝ እንደገና ይነሣል። ካርብራተሩ ንጹሕ ነው።» ከዚያ በታች ባዶ ነው። ምን ማለት ነው?

---

የቀሃዋ

ውይ፣ እማማ ሳቁ? እልል! ነገ ከሥራ በኋላ እመጣለሁ። ካቻቢቴዬን ይዤ።

---

ካንዴላ

@የልጃቸው ልጅ ጋሼ ፈልገው ሊደርሱበት ጥቂት ነው የቀራቸው። ኤም 20 ላይ ያለው የሉካስ ማግኔቶ ነው። እሳቱን የሚሰጠው እሱ ነው። ማግኔቶው ውስጥ ኮንደንሰር የሚባል ትንሽ ዕቃ አለ። ሲያረጅ ቀዝቃዛ እያለ ይሠራል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ግን ይደክማል፤ ካንዴላው እሳት ያጣል። ካርብራተሩ ንጹሕ ከሆነ እኔ የምጠረጥረው እሱን ነው። ካልሆነ ደግሞ የማግኔቶው ጥቅልል ሽቦ ነው፤ መከላከያ ቫርኒሹ በሙቀት ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ሽቦው ከሆነ እንደገና ይጠቀለላል።

የመጀመሪያውን ኮንደንሰር አናገኘውም። ግን አቅሙ ተመጣጣኝ የሆነ የዘመኑ ኮንደንሰር ይገጠምለታል፤ ቦታም አይፈጅም። እስካገኝ ድረስ ማግኔቶውን ማንም እንዳይነካው። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እመጣለሁ። መለኪያዬን ይዤ እመጣለሁ፤ እናንተ የዚያን ገጽ ደብተር አዘጋጁልኝ። ውጤቱን እዚያው ሥር እንጽፈዋለን።